ወደ ትንሹ ጠረጴዛ መውረድ አያሳፍርም

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ላስ ቬጋስ የእኛ ሰው ብዙ ነው። ከፊሉ ታክሲ ይነዳል፣ ከፊሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። ልጆቻቸው ደግሞ 21 ዓመት ሲሞላቸው ስልካቸው ላይ ፖከር ይከፍታሉ። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ግብር የምሠራላቸው ተጫዋቾች አሉ፣ ራሴም በትንሽ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ተጫውቻለሁ። ስለ ካርታው ከእኔ የተሻለ የሚያስተምራችሁ ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ መበላት (መሸነፍ) ሲደጋገም፣ በጊዜ ወደ አነስተኛ ገንዘብ ጠረጴዛ ወርዳችሁ ገንዘባችሁን እንዴት እንደምታድኑት ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፤ ጎበዝ ተጫዋችም ለረጅም ጊዜ ሊሸነፍ ይችላል። በስድስት ሰው ጠረጴዛ ኖ ሊሚት ሆልደም (የውርርዱ መጠን ገደብ የሌለው የፖከር ዓይነት) ተጫውቶ በየ100 እጁ፣ ማለትም በየ100 የካርታ እደላው፣ በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው ጥሩ ተጫዋች ነው። ቢግ ብላይንድ ካርታ ሳይታይ የሚቀመጠው ትልቁ የግዴታ መነሻ ገንዘብ ነው። የውጤቱ መዋዠቅ ግን ከትርፉ እጅግ ይበልጣል፤ በስታቲስቲክስ መለኪያ በየ100 እጁ ወደ 90 ቢግ ብላይንድ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ይህ ሰው 10,000 እጅ ተጫውቶ በኪሳራ የመነሣት ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ ነው። 100,000 እጅ ከተጫወተ በኋላ እንኳ 4 በመቶ ያህል ይቀራል። ትርፉ 2.5 ብቻ ከሆነ ያ 4 ወደ 19 በመቶ ያሻቅባል። ከሁሉ የበረታውን መነሻ ካርታ፣ ሁለት ኤስ ይዛችሁ፣ ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ገና በመጀመሪያው ዙር ያላችሁን ሁሉ ብታስገቡ፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ አንዴ ትሸነፋላችሁ።

ካዚኖ ውስጥ በሰዓት 30 እጅ ያህል ይታደላል። ኮምፒውተር ላይ አራት ጠረጴዛ የከፈተ ልጅ ግን በሰዓት 250 እጅ ሊያይ ይችላል። እዚያ ወራት የሚወስደውን 10,000 እጅ እናንተ በ40 ሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ክፉው ጊዜ እንዲህ ተጨምቆ ሲመጣ ሰው ወይ በራሱ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ የሚጫወትበት ድረ ገጽ (ሳይቱ) ያጭበረብራል ብሎ ያምናል፣ ወይ ደግሞ እልህ ይይዘዋል። ከሦስቱ የከፋው እልህ ነው።

ከተጫዋቾች መዝገብ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰውን የሚጥለው ለሳምንታት ቀስ እያለ የወጣው ገንዘብ አይደለም። በመጨረሻው ሌሊት፣ የተበላሁትን በአንዴ ላስመልስ ብሎ አራት እጥፍ ወደሚበልጥ ጠረጴዛ የወጣበት ነው። ያ አንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከወሩ ኪሳራ ይበልጣል። ስለዚህ የመውረጃውን ቁጥር ከመሸነፋችሁ በፊት፣ ልባችሁ ጸጥ ባለበት ቀን ጻፉት። ለምሳሌ ትንሹና ትልቁ ብላይንድ 25 እና 50 ሳንቲም በሆነበት ጠረጴዛ መግቢያው፣ ማለትም ይዛችሁ የምትቀመጡት ገንዘብ፣ 50 ዶላር ነው። ለጨዋታ ብቻ የለያችሁት ገንዘብ 1,500 ዶላር ከሆነ 30 መግቢያ አላችሁ። 1,000 ሲደርስ 20 መግቢያ ቀራችሁ ማለት ነው፤ ያኔ መግቢያው 25 ዶላር ወደሆነው ውረዱ። ወዲያው 40 መግቢያ ይኖራችኋል። አንድ ሳንቲም ሳትጨምሩ የገንዘባችሁን ዕድሜ እጥፍ አደረጋችሁት።

"እዚያ ታች ሆኜ የተበላሁትን ለመመለስ እጥፍ ጊዜ ይፈጅብኛል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ነገር ግን መመለስ የምትሉት ነገር ዓላማ ሲሆን ነው አጨዋወታችሁ የሚበላሸው፤ መጣል የሚገባውን ካርታ ትይዛላችሁ፣ መተው የሚገባውን ገንዘብ ትከተላላችሁ። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀናቃኞቹም በአብዛኛው ደካማ ናቸው፤ በትክክል አስቦ የመጫወት ልማድ እዚያ ይመለሳል።

ብዙዎቻችሁን የሚይዛችሁ ግን ሒሳቡ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። በ50 ይጫወት የነበረ ሰው እንዴት በ25 ይቀመጣል? ልጆቼ፣ ስክሪኑ ላይ ማን ያያችኋል? በ2000 የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋናውን ውድድር ያሸነፈው ክሪስ ፈርጉሰን በ2006 ያለ አንድ ሳንቲም፣ ከነጻ ውድድሮች ተነሥቶ 10,000 ዶላር ለመድረስ ራሱን ፈተነ፤ ደረሰም። ደንቡ ካለው ገንዘብ ሁሉ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ ወደ አንድ ጠረጴዛ አለመግባት ነበር። ገንዘቡ ሲቀንስ ደንቡ ራሱ ያወርደዋል። ሚሊዮኖች ያሸነፈ ሰው ከሳንቲም ጠረጴዛ አላፈረም።

ስትወርዱ አንድ ሥራ አለባችሁ። ያጣችሁትን ገንዘብ ዕድል ወሰደው ወይስ ስሕተት? ይህን ብቻችሁን ለመለየት አትሞክሩ፤ የተበላ ሰው ለራሱ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ትልልቆቹን እጆች ምረጡና ለሚያውቅ ጓደኛ አሳዩት፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን አትንገሩት። ውጤቱን ሳያይ "እዚህ ላይ መተው ነበረብህ" ካለ ስሕተቱ የእናንተ ነው።

ሁሉንም መዝግቡ፤ ይህ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ችላ አልለውም። በ2025 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ2026 ጀምሮ ግብር ሲሰላ ከቁማር ኪሳራ የሚቀናነሰው 90 በመቶው ብቻ ነው። በዓመት 100,000 ዶላር አሸንፎ 100,000 የተበላ ሰው፣ በእጁ ምንም ሳይኖር፣ በ10,000 ዶላር ላይ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ፣ የእቁብ ተራ የደረሰበት ገንዘብ የፖከር ገንዘብ አይደለም። ዛሬ ተበድሬ ነገ እመልሳለሁ እያላችሁ ከዚያ አትንኩ።

መልሳችሁ መውጣት ስትፈልጉ ለ50 ዶላሩ ጠረጴዛ 30 መግቢያ እስኪሞላ ጠብቁ፤ ከዚያ ሦስት መግቢያ ብቻ ይዛችሁ ሞክሩ፣ ካለቀ በዚያው ቀን ተመለሱ። ወርጃለሁ ብላችሁ በዚያው ሌሊት ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ጉዳዩ የጠረጴዛው መጠን አይደለም። ያኔ ሳይቱ ውስጥ ራሳችሁን ከጨዋታ የምታግዱበት አማራጭ አለ፣ አካውንታችሁን ዝጉ። ጋምብለርስ አኖኒመስ ከ1957 ጀምሮ የሚሰበሰቡ፣ በዚሁ መንገድ ያለፉ ሰዎች ማኅበር ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ስማችሁን የሚመዘግብ የለም። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው ስብሰባ ሂዱ።