ጥያቄና መልስ፦ ግፈኛ ሕግን አልታዘዝም ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አንድ ልጅ ስለ ጋንዲ ጠይቆኝ አፌን ያዝኩ። ሕንዶቹ ይገዛቸው የነበረውን የእንግሊዝን መንግሥት ሕግ ሆን ብለው ጥሰዋል። ቅዱስ ጳውሎስ «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» ይላል። ጌታም ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙር ብሏል። ታዲያ የእነሱ ነገር እንዴት ይታያል? ለልጆቹ ባስተምረውስ?

መልስ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ጎበዝ ነው፤ በርታ በልልኝ።

መጀመሪያ የተጣሰው ሕግ ምን እንደነበር እንይ። የጨው ሕግ ነው። ሕንዳዊ በገዛ ባሕሩ ዳር ጨው ቢያወጣ ይታሰራል። ጨው የሚሸጠውም ቀረጥ የሚያስከፍለውም መንግሥት ነው። ጭነቱ የሚከብደው ደግሞ በድሃው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930፣ እኛ ዘንድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት ዓመት፣ ጋንዲ ለእንግሊዙ እንደራሴ ለሎርድ ኧርዊን ደብዳቤ ጻፈ። ሕጉን ልጥስ ነው ብሎ አስቀድሞ ነገረው። ከዚያ ማርች 12 ቀን ከ78 ሰዎች ጋር ከሚኖርበት ከሳባርማቲ ተነስቶ ወደ 385 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ። ዳንዲ ባሕር ዳር ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጨው ያለበትን ጭቃ አነሳ። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው።

ሮሜ 13ን አንድ ቁጥር ብቻ አንብበህ አትተወው። ባለ ሥልጣን «ለመልካም ነገር» የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ይላል። ለክፉ ሲያዝዝስ? ሐዋርያት በሸንጎ ፊት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል ብለዋል። ሠለስቱ ደቂቅም ለምስሉ አልሰገዱም። ግን ሰይፍ አልመዘዙም፣ ከእሳቱም አልሸሹም።

ጉንጭን ማዞር ዝም ማለት አይደለም። ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ መልካም ተናግሬ እንደ ሆነ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። አልመታውም፤ ግን ጠየቀው። እኛ ብዙ ጊዜ ፍርሃታችንን ትዕግሥት እያልን እንጠራዋለን።

ያንኑ ዓመት በሜይ ጋንዲ ታስሮ ሳለ ሰዎቹ ዳራሳና ወደሚባለው የጨው ማምረቻ ሄዱ። የመራቻቸው ሳሮጂኒ ናይዱ የምትባል ገጣሚ ናት። ፖሊሶቹ ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላ ይዘው ይጠብቃሉ። አንዱ ረድፍ ይጠጋል፣ ይደበደባል፣ ይወድቃል። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ቁስለኛውን ያነሳሉ። ሌላው ረድፍ ይቀጥላል። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቆሞ ያይ ነበር፤ ዱላውን ለመከላከል እንኳ እጁን ያነሳ ሰው እንዳልነበረ ጽፏል። እስቲ ማናችን ነን ይህን የምንችለው? እኔ እንጃ።

ለልጆቹ አስተምር፣ ነውር የለውም። ጋንዲ የተራራውን ስብከት ይወድ ነበር፤ ክርስቲያን ግን አልነበረም። ስለዚህ ቅዱስ አታድርገው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቻውሪ ቻውራ በምትባል የሕንድ ቦታ የሆነውንም አትዝለል። ፖሊስ ሕዝቡ ላይ ተኮሰ። ሕዝቡም ጣቢያውን አቃጥሎ ከ20 በላይ ፖሊሶችን ገደለ። ጋንዲ ትግሉን በመላ አገሪቱ አቆመ፤ 5 ቀንም ጾመ። የገዛ ባልደረቦቹ ተናደውበታል። እኔን ከጨው ጉዞው ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ በገዛ ወገን ጥፋት ንስሐ የሚገባ መሪ ብዙ አላየንም።

አንዱ ልጅ «አርበኞቻችንስ ጠመንጃ አንስተው የለ?» ማለቱ አይቀርም። አርበኞቹን አትውቀስ። አገራቸው ተወርሮ፣ መርዝ ጋዝ እየዘነበባቸው ነው የተዋጉት፤ ያ ጥያቄ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። ለጊዜው አቡነ ጴጥሮስን ንገራቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ሲያስገድዳቸው እምቢ አሉ። መሣሪያ አልያዙም። አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ፒያሳ አጠገብ ስላለ፣ ቀን መርጠህ ልጆቹን እዚያው ወስደህ ብታስተምራቸው ጥሩ ነው።