ሶፍት፣ ሚዲየም ወይስ ሃርድ? የለገጣፎ ልጆች ጥያቄና መልስ

ለገጣፎ ውስጥ ባለች አንዲት ጌም ቤት ግራን ቱሪዝሞ 7 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም የምንጫወት ጥቂት ሰዎች አለን። የኳስ ጌም ተጫዋቾቹ አንድ ስክሪን ከለቀቁልን ማለት ነው። ሰሞኑን ረጅም ውድድር ጀምረናል። ሌ ማን በሚባለው የመወዳደሪያ መንገድ ላይ 30 ደቂቃ፣ ስፓ በሚባለው ላይ 1 ሰዓት። ሁሉም የሚሸነፈው በጎማ ምርጫ ስለሆነ (ሶፍት ለስላሳ፣ ሚዲየም መካከለኛ፣ ሃርድ ጠንካራ ጎማ ነው)፣ ያላችሁን ጠይቁኝ አልኳቸው።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ ፈጣኑ ሶፍት ከሆነ ሌላውን ምን አመጣው?

መልስ፦ ሶፍት ለአንድ ዙር ፈጣን ነው። የሚቆጠርልህ ግን ጠቅላላው ሰዓት ነው። እስኪ አብረን እናስላው። ውድድሩ 30 ዙር ነው እንበል። ፒት መግባት፣ ማለትም ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመቅዳት መቆም፣ 30 ሰከንድ ይበላል። ሶፍት 8 ዙር ይቆያል፣ ሚዲየም 10፣ ሃርድ 15። ሚዲየም በዙር ከሶፍት በ0.7 ሰከንድ ይዘገያል፣ ሃርድ ደግሞ በ1.5።

በሶፍት 3 ጊዜ ፒት ትገባለህ፣ በሃርድ 1 ጊዜ። ሃርድ በ30 ዙር 45 ሰከንድ ያስቀርሃል፤ ሁለት ፒት በመቀነሱ ግን 60 ሰከንድ ይመልስልሃል። በ15 ሰከንድ ሃርድ አሸነፈ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። የራስህን አስገባና አስላ።

ጥያቄ፦ በቃ ሁሌ ሃርድ ነዋ?

መልስ፦ ቆይ፣ ነዳጁን ረሳኸው። አንድ ሙሉ ታንክ የሚያስኬደው 10 ዙር ብቻ ቢሆንስ? ያኔ ጎማህ 15 ዙር ቢችልም ለነዳጅ ስትል 2 ጊዜ መቆምህ አይቀርም። ሃርድ ከሶፍት የሚያተርፈው አንድ ፒት ብቻ ይሆናል። 45 ከስሮ 30 መመለስ ኪሳራ ነው። እዚህ ጋ ሚዲየም ይመጣል። 10 ዙር ይቆያል፣ ነዳጁም 10 ዙር ነው፣ ሁለቱ አብረው ያልቃሉ። ከሶፍት 21 ሰከንድ ይዘገያል፣ በፒት 30 ይመልሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ነዳጁ ስንት ዙር እንደሚያስኬድህ እወቅ፣ ከዚያ እዚያ ድረስ የሚያደርስህን ፈጣን ጎማ ምረጥ። ብዙ ልጆች ይሄን ገልብጠው ነው የሚሠሩት።

ጥያቄ፦ ጎማው ስንት ዙር እንደሚቆይ በምን አውቃለሁ? እዚህ ሂሳቡ በሰዓት ነው፣ ዝም ብዬ ልሞክር ካልኩ ኪሴ አይችልም።

መልስ፦ እውነትህን ነው። ታይም ትሪያል (ብቻህን ከሰዓት ጋር የምትሽቀዳደምበት) ላይ አትልፋ፣ እዚያ ጎማ አያልቅም። በራስህ ውድድር አዘጋጅና የጎማውን የማለቅ ፍጥነት ከዋናው ውድድር ጋር አንድ አድርገው። ታንኩን ሞልተህ በእያንዳንዱ ጎማ ጥቂት ዙር ንዳ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የጎማው ምልክት ምን ያህል እንደወረደ እይ። የዙር ሰዓትህ መጨመር ሲጀምርም ጻፈው። ጎማው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከማለቁ በፊት ነው ሰዓት የሚበላህ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሁሉም በፊት የኋላ ጎማዎቼ ናቸው የሚያልቁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመኪናሽ ሞተር የኋላ ጎማዎችን የሚያዞር ነው መሰለኝ። ከኩርባ ስትወጪ ጋዙን አንዴ ድፍን አታድርጊው። ጎማው እየተንሸራተተ በዞረ ቁጥር ያልቃል። ትራክሽን ኮንትሮልን (ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያግዘውን) 1 ላይ አድርጊ፣ ኩራት ይቅር። ማርሽም ትንሽ ቀደም ብለሽ ቀይሪ፤ ነዳጅም ይተርፍሻል። ደግሞ ሌ ማንም ስፓም የሚዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ የግራ ጎማዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። የግራው ቀድሞ ቢወርድ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ እኔ ሚኒባስ ነው የምነዳው። የጎማ ንፋስ አይስተካከልም እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ግራን ቱሪዝሞ 7 ላይ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው አሴቶ ኮርሳ ኮምፐቲዚዮኔ የሚባለውን ሌላ የመኪና ጌም ቢሞክር ይወደዋል። እዚያ ጎማው ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፣ እንደ እውነቱ መንገድ። በቅርብ ጊዜ ስሪቶቹ የጂቲ3 (አንድ የውድድር መኪና ምድብ) መኪና የደረቅ መንገድ ጎማ ከሞቀ በኋላ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያ) ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ስለዚህ ሲነሱ ከዚያ አሳንሰው ይሞላሉ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲመጣስ? ባለፈው ስፓ ላይ ጉድ ሆንኩ።

መልስ፦ ስፓ 7 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ጋ እየዘነበ ሌላው ጋ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሰማይ አይተህ አትወስን፤ ዝናቡ የት እንዳለ የሚያሳየውን ራዳር ክፈት። ስክሪኑ ላይ የአስፋልቱን ውሃ የሚያሳይ መለኪያም አለ፤ መስመሮቹ ወደ ኢንተርሚዲየት (ለእርጥብ መንገድ የሚሆን ጎማ) ወይም ወደ ዝናብ ጎማ መቼ እንደምትቀይር ይነግሩሃል። ካፊያ ብቻ ከሆነና ሊቆም ከሆነ በደረቁ ጎማ ቀስ ብለህ ቆይ። አንዴ ገብተህ፣ መንገዱ ደርቆ ደግሞ ስትመለስ ሁለት ፒት ከፈልክ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ አለቀ። እዚያ ድረስ የነዳኸው ይጠፋል። የስፓን 1 ሰዓት ጀነሬተር ያለበት ቤት ሂዱና ሞክሩት።

ጥያቄ፦ የእውነቱ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይስ ፒት በገቡ ቁጥር ጎማ ይቀይራሉ?

መልስ፦ አይቀይሩም። ሌ ማን ያለበት የዓለም የረጅም ውድድር ሻምፒዮና ደንብ ነዳጅ እየተቀዳ ጎማ እንዲቀየር አይፈቅድም። ጎማ መቀየር ሌላ ተጨማሪ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ አንዱን ጎማ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ታንክ ያስኬዱታል፤ በተለይ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ። ጌሙ ላይም ይቻላል። ፒት ስትገባ ጎማውን ሳትቀይር ነዳጅ ብቻ ሙላ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ደግሞ ታንኩን አትሙላ፤ የሚያደርስህን ያህል ቀድተህ ውጣ።