«ለዛ ቢስ» መልክን አይደለም

ሰላም ወንድሜ። እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ አንዲት እናት ስለ አንድ ጎረምሳ «ለዛ ቢስ ነው» ሲሉ ሰምተህ፣ መልኩን ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። መልኩን ቢሆን «መልከ ጥፉ» ይሉት ነበር።

ለዛ የጨዋታ ጣዕም ነው። ለዛ ያለው ሰው ተራ ወሬ እንኳ ሲያወራ ጆሮ ይስባል። «ቢስ» ያንን ይነጥቃል፤ «ዋጋ ቢስ»፣ «ረዳት ቢስ» እንደምንለው። ስለዚህ መልከ መልካም ሆኖ ለዛ ቢስ የሆነ ሞልቷል። ቀልድ ጀምሮ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ። አቦል ላይ የጀመረውን ወሬ በረካ ደርሶም የማይጨርስ። (እኔም አንዳንዴ ሳልሆን አልቀርም።)

ቃሉ ለሰው ብቻ አይደለም። ንግግርም፣ ዘፈንም፣ ጽሑፍም ለዛ ቢስ ይባላል። ጨው ያነሰውን ወጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጣዕም የለውም» ነው የምንለው። የሚገርመው «አልጫ»ን ከድስት አውጥተን ለሰው ሰጥተነዋል፤ በርበሬ የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ለማለት። «ደባሪ» ደግሞ የከተማ ልጆች ቃል ነው፣ ሰፊ ነው። ሰውም፣ ሰኞም፣ የማያባራ የጅማ ዝናብም ደባሪ ነው።

«ለዛ ቢስ» ለወንድም ለሴትም አይለወጥም፤ ሲበዙ «ለዛ ቢሶች» ነው። ፊት ለፊት ከተባለ ግን ስድብ ነው። ለስለስ ለማድረግ «ጨዋታው ብዙም ለዛ የለውም» በል።