የአየርላንዶቹ የሣር መስቀል፦ ለምን ይሰቀላል፣ እንዴት ይሠራል?

ወንድሜ፣ አየርላንዶች ለመልካም ገድ በር ላይ ስለሚሰቅሉት የሣር መስቀልና ስለ አሠራሩ ጠይቀሃል። የቅድስት ብሪጂት መስቀል ይባላል። በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ስለሆነ በዋዜማው ማታ ይሠራል፤ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል ተብሎ ከበሩ በላይ ይሰቀላል።

ሣሩ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ እንግጫ መሰል ነው። በልማዱ በእጅ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም። እንግጫ ነቀላን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም!

ከ20 እስከ 30 ዘንግ ይበቃል። አንዱን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ሁለተኛውን ለሁለት አጥፈህ የመጀመሪያውን ወገብ እንዲያቅፍ አድርግ፤ ጫፎቹ ወደ ቀኝ ይሁኑ። አሁን ጫፎቹ ወደ ላይ እንዲያዩ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙር። ሦስተኛውንም አጥፈህ ወደ ላይ የቆሙትን ሁሉ እንዲያቅፍ አድርግ፣ ደግሞ አዙር። መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ አራቱን ክንዶች በክር አስረህ ጫፋቸውን አስተካክል።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ሁለት ቦታ ነው። ሣሩ ከደረቀ እጥፋቱ ላይ ቀጭ ይላል፤ ስለዚህ እርጥቡን ተጠቀም፣ ካልሆነም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ሌላው፣ መሃሉን በአውራ ጣትህ ጠበቅ አድርገህ ካልያዝክ ሁሉም ይላላል። እርጥብ ሣር ሲደርቅ ስለሚኮማተር እያንዳንዱን እጥፋት ሳብ እያደረግህ አጥብቀው።

አሮጌውን መስቀል አንዳንዱ ያቃጥለዋል፤ ሌላው ግን ጣሪያው ሥር ይተወውና በየዓመቱ አዲስ ይጨምርበታል።