ጥቅሻ አይፈቀድም፦ የብሪጅ ክበባችን ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ያለው የብሪጅ ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ መሰባሰብ ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። በስልክ የሚጠይቅ አለ፣ በሰው የሚልክ አለ፣ መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቅም አለ። የተጠራቀመውን ዛሬ ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ብሪጅ የአራት ሰው የካርታ ጨዋታ ነው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። መጀመሪያ ጨረታ አለ። አንዱ ወገን “ይህን ያህል ዙር እንበላለን” ብሎ ቃል ይገባል። ከዚያ ካርታው ይጣላል፤ ቃሉን ይፈጽም አይፈጽም ይታያል።

የወረቀት ካርታ ይሻላል ወይስ የላስቲክ? (ከቡሬ)

የላስቲክ። የወረቀቱ የእኛን ክረምት አይችለውም።

11 ነጥብ ይዤ ጨረታ መክፈት እችላለሁ? ባልደረባዬ ይቆጣኛል። (አንዲት ወጣት መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም)

ትችያለሽ፤ ግን እጅሽን፣ ማለትም የደረሰሽን 13 ካርታ፣ እያየሽ። አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው። ጠቅላላው 40 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው በአማካይ 10 ይደርሰዋል። 12 ከያዝሽ ብዙ ሳታስቢ ክፈቺ። 11 ከሆነ ግን ከአራቱ የካርታ ምልክቶች (ጦር፣ ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባ) የበዙልሽን ሁለቱን ቁጠሪና ከነጥብሽ ጋር ደምሪ። 20 ከሞላ ክፈቺ። ለምሳሌ 5 ጦርና 4 ልብ ይዘሽ 11 ነጥብ ካለሽ 20 ሞላ ማለት ነው። ነጥቡ ሁሉ ከኩዊንና ከጃክ የመጣ ከሆነ ግን ፓስ (አልፌያለሁ) በይ። ለባልደረባሽም ይህን ስሌት አሳይው። ቁጣው አለማወቅ ከሆነ ይበርዳል።

ሁልጊዜ መጥፎ ካርታ ይደርሰኛል። ማነው የሚበውዘው? (ከሞጣ)

ማንም ቢበውዘው ያው ነው፣ ወንድሜ። እንዲህ ያለው ቅሬታ ስለበዛ ግን አንድ ዜና ልንገርህ። ከዚህ ወር ጀምሮ በወር አንድ ቅዳሜ “ዱፕሊኬት” የሚባለውን አጨዋወት እንጫወታለን። አንድ ጠረጴዛ ላይ የታደለው ካርታ ሳይደባለቅ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። አንተ ሰሜን ላይ ተቀምጠህ የያዝከውን 13 ካርታ ሌላው ሰሜንም ይይዘዋል። ውጤትህ የሚወዳደረው ያንኑ እጅ ከተጫወተው ሰው ጋር ነው። መጥፎ ካርታ ይዘህ ከእሱ ያነሰ ከተሸነፍክ ያሸነፍከው አንተ ነህ።

ካርታው ሳይደባለቅ የሚያልፍበትን መያዣ ከውጭ ማስመጣት ስላልቻልን አባሎቻችን ከካርቶን ሠርተውታል። አራት ኪስ አለው፤ በየኪሱ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ተብሎ ተጽፎበታል። ጠርዙ በፕላስተር ተለብጧል። ና እና ተጫወት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዕድል እንነጋገራለን።

ከጓደኛዬ ጋር የምስጢር ምልክት አለን። ካርታዬን በግራ እጄ ከያዝኩ ልብ በዝቶልኛል ማለት ነው፤ ጉሮሮዬን ከጠረግሁ ጦር። ሰምና ወርቅ ባደገበት አገር ይህ ብልሃት እንጂ ጥፋት ነው ወይ? (ከቢቸና)

ጥፋት ነው። ጨዋታውን የሚገድል ጥፋት ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በቅን ልብ እንደጻፍከውም ይሰማኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ቅኔውን እናንሳ። የምትኖረው ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም ሳትርቅ ነው፤ ስለ ቅኔ ከእኔ በላይ የሚያስተምሩህ አሉ። ግን አንድ ነገር አስተውል። ባለቅኔው ቅኔውን ሲዘርፍ ጉባኤው ሁሉ ይሰማዋል። ሰሙም ወርቁም ያለው በዚያው ቃል ውስጥ ነው። ወርቁን ለማውጣት ዕውቀት ይጠይቃል እንጂ ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ አልተሰጠም። ያንተ ጉሮሮ መጥረግ ግን ለጓደኛህ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ተጋጣሚዎቻችሁ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆኑ ሊፈቱት አይችሉም፤ ንግግር መሆኑንም አያውቁም።

ብሪጅ ውስጥ ለባልደረባህ የምትነግርበት ቋንቋ አለህ፤ እሱም ጨረታው ነው። ቃላቱ በጣም ጥቂት ናቸው። ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች አሉ። አበባ፣ ዳይመንድ፣ ልብ፣ ጦርና ኖ ትራምፕ (ገዢ ምልክት የሌለበት) አሉ። ከእነዚህ ሌላ ፓስ፣ ደብል፣ ሪደብል። በቃ፣ 15 ቃል ነው። በእነዚህ ብቻ 13 ካርታህን ለባልደረባህ መግለጽ አለብህ። የጨዋታው ውበት ያለው እዚህ ጥበት ውስጥ ነው። በእጅህና በጉሮሮህ ሌላ ቃል ከጨመርክበት ጥበቡ የት አለ?

ደግሞ ሰምና ወርቅ ካማረህ ጨረታው ራሱ አለው። ባልደረባዬ 1 ኖ ትራምፕ ብሎ ከከፈተ በኋላ 2 አበባ ብል፣ አበባ አለኝ ማለቴ አይደለም። “አራት ልብ ወይም አራት ጦር አለህ?” ብዬ መጠየቄ ነው። ስቴይማን ይባላል፤ በመላው ዓለም ይጫወቱበታል። ላይ ላዩን አበባ ነው፣ ውስጡ ጥያቄ። ይህ ይፈቀዳል። ለምን? ተጋጣሚው ተራው ሲደርስ “ይህ ጨረታ ምን ማለት ነው?” ብሎ ባልደረባዬን መጠየቅ ይችላል፤ ባልደረባዬም የተስማማነውን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት። በብሪጅ ካርታህ ምስጢር ነው፤ ስምምነትህ ግን ምስጢር መሆን አይችልም። ይህን ሕግ ያልተቀበለ ሰው ብሪጅ እየተጫወተ አይደለም።

ይህ ነገር ትልልቆቹንም ፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1975 በርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አንድ የጣሊያን ጥንድ ከጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካካ ታየ ተብሎ ተገሠጸ። በዚያ ውድድር ባልደረባህን እንዳታየው የሚጋርድ ግርዶሽ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነበር፤ ቆየት ብሎ ከሥርም እንዲዘጋ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኖርዌያዊው ቦዬ ብሮጌላን ቀድሞ የቡድን ጓደኞቹ የነበሩ ሁለት ታዋቂ ተጫዋቾችን አጋለጠ። የካርታ መያዣውን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡበት ቦታ ምልክት ሆኖ ተገኘ። በቪዲዮ ተይዘው ታገዱ። ብሮጌላን ከእነሱ ጋር ሆኖ ያገኘውን ድል ለመመለስ ወሰነ። የሚደንቀኝ ይህ ነው። እሱ ራሱ ምንም አላጠፋም፤ ሆኖም ንጹሕ ያልሆነ ዋንጫ ቤቱ እንዲቀመጥ አልፈለገም።

እኛ ጋ ግርዶሽም ቪዲዮም የለም። ያለን መተማመን ብቻ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ባልደረባችን በጨረታው መካከል ረጅም ጊዜ አሰበ፤ ተነፈሰ፤ ከዚያ ፓስ አለ። መቼም ይህ ትንፋሽ ብዙ ይናገራል። “ጥሩ እጅ ነበረኝ፣ ግን አልበቃኝም” ይላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት አንጋፋ መምህር ካርታቸውን አጠፍ አድርገው ያዙና ትንፋሹን እንዳልሰሙ ሆነው ፓስ አሉ። አንድ ጨረታ ቢጨምሩ ያሸንፉ ነበር። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከባልደረባህ ጨረታና ካርታ ውጪ በሆነ ነገር አትጠቀም ይላል። ሳይታሰብ የወጣ ትንፋሽ እንኳ ይህን ያህል ከተከለከለ፣ ታስቦበት የተጠረገ ጉሮሮ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከጓደኛህ ጋር ያላችሁን ምልክት ዛሬውኑ ተዉት። እስካሁን አብረዋችሁ ለተጫወቱትም ንገሯቸው። ያ ይከብዳል፤ ግን አድርጉት። ከዚያ ስቴይማንን ተማሩ። እኔ ራሴ አስተምራችኋለሁ።

ባልና ሚስት ተጣምረው መጫወት ይችላሉ? (ከባሕር ዳር)

ይችላሉ። ክበባችንም ውስጥ አሉ፤ ደስ የሚሉ ተጫዋቾች ናቸው። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ የጠረጴዛው ጥፋት ቤት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ አንድ ባል የ4 ጦር ቃሉን ሳይፈጽም ቀረ። በዚያ ተነሥቶ በተፈጠረ ጠብ ሚስቱን በጥፊ መታት። እሷም በሽጉጥ ገደለችው። ኋላ ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃት፤ ሰውየው ግን አልተመለሰም። ካርታ ነው እኮ! ጨዋታው ሲያልቅ ቡና ጠጡበትና እርሱት።

ዱሚ ስሆን ምን ልሥራ? (ከደጀን)

ለአላወቀ፦ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ባልደረባ “ዱሚ” ይባላል። ካርታውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የሁለቱንም እጅ የሚጫወተው አሸናፊው ነው። ሥራህ ዝም ማለት ነው። በጣት ማሳየት፣ በቅንድብ መጠቆም፣ “እ...” ማለት አይቻልም። ባልደረባህ ሳያስተውል ከማይገባው እጅ ሊጥል ሲል ማስቆም ትችላለህ። የተጣለውን ምልክት ትቶ ሌላ ከጣለም “ከዚህ ምልክት የለህም?” ብለህ መጠየቅ ይፈቀድልሃል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ባለፈው “ጦሩን፣ ጦሩን!” ያልከው አንተ ከሆንክ፣ ይህ መልስ ላንተ ነው።

ባለቤቴ ማታ ማታ በገንዘብ ካርታ ይጫወታል። ደመወዙ ቤት አይደርስም። እናንተ ደግሞ ካርታ ጥሩ ነው ትላላችሁ። (ከዳንግላ)

እህቴ፣ ቁጣሽ ይገባኛል። በክበባችን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። የቡና ዋጋ እንኳ መወራረድ አይቻልም። ይህን የምናደርገው የአንቺን ዓይነት ቤት ስለምናውቅ ነው።

የባለቤትሽ ነገር ግን የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቁማር መተው አለመቻልን ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። “ነገ አቆማለሁ” እያለ ካልቻለ፣ የጠፋውን ለማስመለስ እንደገና ከተጫወተ፣ ከዋሸሽ፣ ስድብም ምክርም አይፈታውም። በአቅራቢያሽ ካለ ትልቅ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይዘሽው ሂጂ። እምቢ ካለ ብቻሽን ሂጂና ምን ማድረግ እንዳለብሽ ጠይቂ። ሽማግሌም ላኪ፤ ግን ሽማግሌው የሐኪሙን ቦታ አይተካም። “ልሙት” የሚል ቃል ከሰማሽ አንድ ቀን አትጠብቂ። የዕዳውን ነገር ጠበቃ ይመልስልሻል።

አባቴ ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ። አሁን ጨረታው ምን እንደነበር ይረሳሉ፣ ይቆጣሉ። ባለፈው ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ጠፋባቸው። ብሪጅ አብዝተው ቢጫወቱ ይሻላቸዋል? (ከደብረ ኤልያስ)

አይ። ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ብሪጅ አእምሮን የሚያሠራ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። መድኃኒት ግን አይደለም። የአንድ ቀን መርሳት ማንንም ያገኛል። የሚያውቁት መንገድ መጥፋት ግን ሌላ ነው።

“እርጅና ነው” ብላችሁ አትተዉት። መርሳት የሚያመጡ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የጆሮ መድከምም ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ የሚለይ ነገር ሳይታይ እንዳያልፍ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ ሐኪሙም አይቅር። ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ ክንዳቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

እስከዚያው ወደ ጠረጴዛው ይምጡ። ከታጋሽ ሰው ጋር አስቀምጣቸዋለሁ። ሲረሱ የሚስቅባቸው ሰው አይኖርም።

ገበጣና ሰንጠረዥ እያለን የፈረንጅ ጨዋታ ምን ያደርግልናል? (ከእንጅባራ)

ገበጣውም ሰንጠረዡም ይኑር። ክፍላችን ጥግ የገበጣ ገበታ አለ፤ ሁልጊዜም ሰው አያጣም። የጥንቱ ሰንጠረዣችን ደግሞ ከየትኛውም ቼዝ የማይገኝ ነገር አለው። ጨዋታው በወረራ ይጀምራል። የመጀመሪያው መበላላት እስኪሆን ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሚያውቁ አባቶች ካሉ እባካችሁ መጥታችሁ አስተምሩን፤ ይህን ከልቤ ነው የምለምነው።

ነገር ግን ሁለቱም አንድ ለአንድ ናቸው። ብሪጅ ውስጥ ግማሹን ጨዋታ የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ካርታውን ደግሞ አታይም። እሱን ማመንን ትማራለህ። ብሪጅን በዛሬ መልኩ ያዘጋጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ሲጓዝ። ከየትም ይምጣ፣ ከሰው ጋር የሚያስቀምጥ ጨዋታ ለእኛም ይጠቅመናል።

ብሪጅ ስፖርት ነው እንዴ? ለጡረተኛ ነው ይባላል። (ከደብረ ማርቆስ)

ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃካርታ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ውድድር ነበረው፤ የወንዶች ጥንድ ወርቅ ካገኙት ሁለት ሕንዳውያን አንዱ የ60 ዓመት ሰው ነበሩ። አንተ ደግሞ 20 ዓመት አልሞላህም፤ ና።

ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት? ብቻዬን ብመጣስ?

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት። ብቻህን ከመጣህ ባልደረባ እንፈልግልሃለን። ለጀማሪ ትምህርቱ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ክፍያ የለም፤ ካርታም አለን።