የኬንታኪውን አባት በመሬቱ በኩል ፈልጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የባለቤትሽ ቤተሰቦች «ከቨርጂኒያ ተነስተው ኬንታኪን ካቀኑት አንዱ የኛ አባት ነው» ይላሉ። አንቺ ደግሞ ታሪኩን ለልጆችሽ በማስረጃ ልታቆዪላቸው ፈልገሽ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ብትጽፊ ሞክሼው በዛብሽ። እኔም የባለቤቴን ወገን የፈለግኩት እዚያው ኬንታኪ በምትባለው የአሜሪካ ስቴት ነውና የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ስሙን ለጊዜው ተይው፤ መሬቱን ፈልጊ። ያኔ ኬንታኪ በሚቀናበት ዘመን የልደት ሰርተፊኬት የሚባል ነገር የለም። ኬንታኪ ልደትና ሞትን በስቴት ደረጃ በቋሚነት መመዝገብ የጀመረችው በ1911 ነው። የሕዝብ ቆጠራውም ብዙ አያራምድሽም። የ1790ው እና የ1800ው የኬንታኪ ቆጠራ ጠፍቷል። ከዚያ እስከ 1840 ያሉት ደግሞ የሚጽፉት የቤቱን አባወራ ስም ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በዕድሜ ክልል የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። እያንዳንዱ ነፃ ሰው ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከትውልድ ስቴቱ ጋር የተመዘገበው ከ1850 ጀምሮ ነው።

የመሬት ወረቀት ግን አለ። ኬንታኪ ከምዕራብ ጫፏ በቀር እንደ አብዛኛው የጎረቤቷ ኦሃዮ መሬት በካሬ አልተሸነሸነችም። ልኬቱ «ከነጩ ኦክ ዛፍ ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ እስከ እገሌ ድንበር» እያለ ይሄዳል፤ ልክ አገር ቤት በውል ላይ አዋሳኝ እንደሚጻፈው። አዋሳኞቹን በሙሉ ጻፊያቸው። ሰዎቹ ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ በሚያሻግረው የተራራ በር፣ በኩምበርላንድ ጋፕ በኩል ሲመጡ ብዙ ጊዜ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ነበር። እኛም ሞክሼዎቹን የለየናቸው በጎረቤቶቻቸው ነው። ኬንታኪ ውስጥ የአንዱ አዋሳኝ የነበሩት ሰዎች ቨርጂኒያም ውስጥ እዚያው አጠገቡ ተገኙ። የሌላው ጎረቤቶች ፈጽሞ ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የመሬት ሰነዶች በኬንታኪ ላንድ ኦፊስ (የስቴቱ የመሬት ጽሕፈት ቤት) ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የሽያጭ ውል ያለው በካውንቲው፣ እንደ ወረዳ ባለው የስቴቱ ክፍል ነው። ካውንቲዎቹ ግን እየተከፋፈሉ ሄደዋል፤ በ1792 ዘጠኝ የነበሩት ዛሬ 120 ናቸው። ሰውየው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰነዱ በሁለትና በሦስት ካውንቲ ሊገኝ ይችላል።

ሴቶቹ ይከብዳሉ። እዚህ አሜሪካ ሴት ስታገባ የአባቷ ስም ይጠፋል፤ የኛ ሴቶች ዕድለኞች ናቸው። ሁለት መንገድ አለሽ። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት በመሬቱ ላይ ያላትን መብት መልቀቋን ለብቻዋ ተጠይቃ ታረጋግጥ ስለነበር ስሟ ውሉ ላይ ይገኛል። ለጋብቻ ደግሞ ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋስ ሆኖ የሚፈርመው ብዙ ጊዜ የሙሽራዋ አባት ወይም ወንድሟ ነው።

ሰውየው አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችበት ጦርነት ዘማች ከሆነና እስከ 1832 ከቆየ የጡረታ ፋይሉን ሳታዪ እንዳታልፊ። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ አመልካቹ ፍርድ ቤት ቀርቦ የትና መቼ እንደተወለደ፣ ከየት እንደዘመተ፣ ከጦርነቱ ወዲህ የትና የት እንደኖረ በቃሉ ይናገር ነበር። የሽማግሌውን ሕይወት ከራሱ አንደበት የምትሰሚበት ከዚህ የተሻለ ወረቀት አላየሁም። ዋናው ፋይል በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት (ናሽናል አርካይቭስ) ነው፤ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት መፈለግ ትችያለሽ።

ስለ ኑዛዜውም ልንገርሽ። ሰው ሲሞት ንብረቱ በዝርዝር ይገመት ነበር። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከከብቱና ከማረሻው ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎች ከነስማቸው ዋጋ ተቆርጦላቸው ልታገኚ ትችያለሽ። ያሳምማል፤ ግን ገጹን አትዝለዪው፣ ከልጆችሽም አትደብቂው። የ1850ው እና የ1860ው የባሪያዎች መዝገብ ስም አይጽፍም ማለት ይቻላል፤ በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜን፣ ፆታንና የቆዳ ቀለምን የመሰለውን ነው የሚደረድረው። ስለዚህ ለእነሱ ልጅ ልጆች የቅድመ አያታቸው ስም ያለበት ብቸኛ ወረቀት ያ ሊሆን ይችላል። እኛ ያገኘነውን ገልብጠን ሌላው ሰው ፈልጎ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠነዋል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

አሁን በ1850 ቆጠራ ከልጆቹ አንዱን አግኚና ወደ ኋላ ሂጂ። የካውንቲውን ስም ጻፊልኝ፤ ቀድሞ የየትኛው ካውንቲ አካል እንደነበረ አብረን እናያለን።