የአንባቢያን ጥያቄ፦ ውሃን ማፍላት ከፋብሪካ ፍሳሽ ያድናል?

ጥያቄ፦ ከመንደራችን በላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ። የምንጠጣው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ለጥንቃቄ ብለን ግን አፍልተን እንጠጣለን። ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃም። ማፍላት የሚገድለው ጀርምን ነው። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ አርሴኒክና ናይትሬት ቢፈሉም አይጠፉም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል። ክሎሪንም አያስወግዳቸውም። ጥርት ማለቱ ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ አርሴኒክና እርሳስ ጤና በሚጎዱበት መጠን እንኳ ቀለምም ሽታም የላቸውም።

ስለዚህ ማስመርመር ግድ ነው። ላቦራቶሪ ሄደው «ውሃው ንጹሕ ነው ወይ?» ካሉ ባክቴሪያ ብቻ ታይቶ ሊመለስልዎ ይችላል። የሚፈልጉትን በስም ይጥሩ፦ ጠቅላላ ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት፣ ክሎራይድ (የጨው አካል) እና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት (ውሃው ጨው በበዛበት ቁጥር ይጨምራል)። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አይዝለሏቸው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨው ይበዛበታል፤ ጨው ደግሞ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ካሉት ብረቶች ቀድሞ በአፈር ውስጥ ስለሚሰርግ ፍሳሹ ወደ ጉድጓዱ መድረሱን ቀድሞ ያሳብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር ለክሮሚየም 0.05፣ ለእርሳስና ለአርሴኒክ 0.01፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም ነው።

አንድ ናሙና ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከፋብሪካው በላይ ካለ ጉድጓድና ከበታቹ ካለው በአንድ ቀን ይቅዱ፤ በበጋ አንዴ፣ ከዝናብ በኋላ ሌላ ጊዜ ይድገሙ። ልዩነቱ ነው የሚመሰክረው። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ይውሰዱ። ለብረት ምርመራ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ጥቂት አሲድ ስላለበት አያለቅልቁት፣ ሞልቶ እንዲፈስም አያድርጉ። የዘይት ጀሪካን ወይም ያገለገለ የለስላሳ ጠርሙስ ውጤቱን ያበላሻል። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው፣ በበረዶ አቀዝቅዘው በዚያው ቀን ያድርሱ።

ውጤቱ እስኪመጣ ለመጠጥና ለማብሰያ ሌላ ውሃ ይጠቀሙ። በተለይ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ አይበጥብጡ፤ ናይትሬት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከፋብሪካው የወጣውን ዝቃጭም ማሳ ላይ አይበትኑ፣ አያቃጥሉም። ሲቃጠል በውስጡ ያለው ክሮሚየም ካንሰር ወደሚያስከትለው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የድንጋይ መፍጫው አቧራ ቤታችንን አለበሰው። ልጆቹ ያስላቸዋል። በጨርቅ አፍና አፍንጫ መሸፈን ይረዳል?

መልስ፦ ጨርቅ የሚያስቀረው ትልልቁን ብናኝ ነው። ቅጠል ላይ ተኝቶ የሚያዩት አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ዓይን የማያየው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ነው። ለእሱ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ማስክ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ግን ቀኑን ሙሉ ማስክ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው ከምንጩ ነው፦ መፍጫውና ማጓጓዣ ቀበቶው ላይ ውሃ መርጨት፣ የጭነት መኪናውን በሸራ መሸፈን፣ የጥርጊያ መንገዱን ማርጠብና ፍጥነት መገደብ። አቤቱታ ሲያቀርቡ እነዚህን ለይተው ይጠይቁ፤ «አቧራ በዛብን» ብቻ ማለት መልስ አያስገኝም። ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰና የልጆቹን ሳል በየቀኑ መዝግበው ያያይዙ።

ቤት ውስጥ በደረቁ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። መፍጫው ላይ የሚሠራ የቤተሰብ አባል ካለ የሥራ ልብሱን ውጭ ያውልቅ። የድንጋይ አቧራ ሲሊካ (በአሸዋና በብዙ ድንጋይ ውስጥ ያለ ማዕድን) ካለበት የሠራተኛውን ሳንባ የማይድን ጠባሳ ያስይዘዋል፤ ለቲቢም ያጋልጠዋል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለበት ሰው ለቲቢ ይመርመር፤ «አቧራው ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ጥያቄ፦ ከቆዳ ፋብሪካው የፍሳሽ ጉድጓድ የሚመጣው የተበላሸ እንቁላል ሽታ አንዳንዴ በድንገት ይጠፋል። ተሻለ ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፤ ፋብሪካው ከቆዳው ላይ ፀጉር ለማስወገድ የሚጠቀምበት ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ይወጣል። ጋዙ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው) አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፍቶ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም የዓይን ማቃጠል ከመጣ ወዲያው ይራቁ። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ወደ ከፍታ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሂዱ። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትለው አይግቡ፤ ሊያድኑ የገቡ ሰዎች በዚያው ይቀራሉ።